ሁለተኛ ያልተጠየቀው ማኅበር

ኦቲሊያ ሆርነር ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጇ ጃኔል ከሮዘንታል እንዳትሄድባት። ሌላው ሁሉ አልፏታል። ባሏን ቀብራለች፣ እርሻውን ለጎረቤት አከራይታለች፣ የግራ ጉልበቷን ሐኪም አውጥቶ በብረት ተክቶላታል። ሁለቱ ወንዶች ልጆቿ ትልልቅ ከተማ ገብተው እዚያው ቀልጠው ቀርተዋል፤ ለገና ይደውላሉ፣ ስለ አየሩ ይጠይቃሉ፣ ይዘጋሉ። ጃኔል ግን እዚሁ ናት። ከሥራ ስትወጣ ጎራ ትላለች፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በካልሲዋ ወጥ ቤት ትገባና ማቀዝቀዣውን ከፍታ «እማዬ፣ ምን አለሽ?» ትላለች። ቲሊ፣ አገሩ የሚጠራት እንዲህ ነው፣ ቀኑን ሙሉ የምትኖረው ለዚያች ጥያቄ ነው ብል አላጋነንኩም።

የጃኔልም የባሏ የብራንትም እንጀራ የሮዘንታል ሞባይል ማኅበር ነው። እሷ ዋናው መንገድ ላይ ባለችው ቢሮ ደንበኛ ታስተናግዳለች፤ ስልኬ ሞተብኝ እያለ የሚመጣውን ሽማግሌ ሁሉ ስልኩን ተቀብላ ታበራለታለች፣ ስለ ልጅ ልጆቹም ታዋራዋለች። ብራንት ማማ ላይ ወጥቶ ይጠግናል፤ በአሜሪካዋ ዳኮታ ጥር፣ ትንፋሽ ጢም ላይ በሚረጋበት ብርድ። ማኅበሩ የገበሬዎቹ የራሳቸው ነው። በጊዜው ትልልቆቹ የስልክ ኩባንያዎች «ለላምና ለስንዴ ማማ አንተክልም» ብለው ፊታቸውን ሲያዞሩባቸው፣ ገበሬዎቹ እልህ ይዟቸው አዋጥተው አቋቋሙት። ለብዙ ዓመታትም ደረታቸውን ነፍተው ኖሩበት።

አሁን ግን ትልልቆቹ ላምና ስንዴው አምሯቸው መጥተዋል። አውራ ጎዳናው ዳር የማስታወቂያ ሰሌዳ ሰቅለዋል፤ ጥርሷ የነጣ ልጅ ስልክ ይዛ ትስቅበታለች። ወጣቱ ወደዚያ መኮብለል ጀመረ። አዲስ ስልክ ሲወጣ ፋብሪካው መጀመሪያ ለትልልቆቹ ያከፋፍላል፤ ሮዘንታል የሚደርሰው ሌላው አገር ከሰለቸው በኋላ ነው። የሮዘንታል ደንበኛ ቢስማርክ ከተማ ሄዶ ቢደውል የሚደውለው በሰው ማማ ላይ ነው፤ የዚያ ኪራይ ደግሞ ማኅበሩን እንደ ምስጥ እየበላው ነው። ጥሪውን ሁሉ የሚያገናኘው ዋናው ማሽን እንኳ የራሳቸው አይደለም። የቶርስቢ ማኅበር ነው፤ ሮዘንታል ተዳብሎ ነው የሚጠቀመው።

ቶርስቢ በስተሰሜን ያለች አያቶቻቸው ከኖርዌይ የመጡ የኖርዌጂያኖች ከተማ ናት። ዘራቸው ከጀርመን የሆነው የሮዘንታል ሰዎች «ዓሣ በአመድ ውሃ ዘፍዝፈው የሚበሉ» ይሏቸዋል። እነዚያም በፈንታቸው «ሊጥ ቀቅሎ ሾርባ የሚል ሕዝብ» ይሏቸዋል። ሁለቱም ሞባይል ማኅበር አላቸው፣ ሁለቱም ትንንሽ ናቸው፣ ሁለቱንም ትልልቆቹ እየተናጠቁ ይበሏቸዋል። እንግዲህ «እንዋሃድ ወይስ አንዋሃድ?» የሚለው ወሬ በከተማዋ ቁርስ ቤት ስንት ዓመት ታኘከ መሰላችሁ!

የቦርዱ ሊቀመንበር ሚልበርት ጌፍሮ መዋሃዱን ይፈልጋል። «እዩ፣» ይል ነበር ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ «ጓሮዬ ሁለት የሞቱ ትራክተሮች ነበሩ። ከሁለቱ አንድ የሚሠራ አወጣሁ። ዛሬም የማርሰው በሱ ነው።»

«ሁለተኛውስ የት ገባ?» ይለዋል አርቪን ሮት። አርቪን የቦርድ አባል ነው፤ ነገር ካልጎነጎነ ምግብ የማይወርድለት ሰው።

«መለዋወጫ ሆነ።»

«እኔ የምፈራው እሱን ነው። እኛ የትኛው ነን? የሚነዳው ነን ወይስ የሚፈታው?»

«ዝም ብሎ ከመዛግ መፈታት ይሻላል!»

«አንተን ሲፈቱህ እናይሃለን!» ቁርስ ቤቱ በሳቅ ያውካካል፤ ሰው ባርኔጣውን ደፍቶ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ማኅበሩም ባለበት ይቀራል።

ቲሊ በዚህ ክርክር ውስጥ አትገባም። የባሏን ወንበር ወርሳ ቦርዱ ውስጥ ትቀመጣለች፣ ግን ልጇና አማቿ የማኅበሩ ተቀጣሪ ናቸው። ዘመዱ በነገሩ ውስጥ ያለበት ሰው አፉን ይይዛል፤ በዚያ አገር ይህን የሚነግርህ የለም፣ ታውቀዋለህ። ስለዚህ ኬክ ትጋግራለች፣ ቡና ትቀዳለች፣ እጅ አውጡ ሲባል ታወጣለች። በልቧ ግን ውሕደቱን እንደ ጸሎት ነበር የምትጠብቀው። ለምን ቢሉ፣ ሚልበርትና የቶርስቢው ሊቀመንበር ኦርቪል ኔስ ባለፈው ክረምት ሐይቁ ላይ በረዶ በስተው ዓሣ ሲያጠምዱ ነገሩን ጨርሰውት ነበር። ማሽኑና መሐንዲሱ ቶርስቢ ይሆናል። የደንበኞች ቢሮውና የማማ ጠጋኞቹ ሮዘንታል ይሆናሉ። ቢሮው ሮዘንታል ይሆናል ማለት ጃኔል ሮዘንታል ትሆናለች ማለት ነው። የቀረው ቶርስቢ በይፋ መጥቶ መጠየቁ ብቻ ነበር።

መጋቢት ላይ ኦርቪል በረዶ አዳለጠውና ዳሌው ተሰበረ። ሴት ልጁ ፋርጎ ከተማ ወስዳ አስታመመችው፣ በዚያው ከሊቀመንበርነቱ ወረደ። ቶርስቢዎች ምን ነካቸው ያሰኛል፣ ከቴክሳስ ሥራ አስኪያጅ አስመጡ፤ ብሪግስ የሚባል፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ እጅ ሲጨብጥ ክንድ የሚነቅል ሰው። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ክፉ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የምንረግመው እናገኝ ነበር።

ብሪግስ የመጣ ቀን ቦርዱ በሙሉ ተሰብስቧል። ቲሊ ኩኸን የሚሉትን የክሬም ኬክ ጋግራ፣ ላዩን የፕለም ፍሬ ደርድራበት፣ የመጀመሪያውን ቁራሽ ለእንግዳው አቀረበችለት።

«ትንሽ ይቅመሱልን።»

«አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም።»

እዚህ ላይ ማንም አልደነገጠም። በዚያ አገር የቀረበለትን መጀመሪያውኑ እሺ የሚል ሰው እናቱ አላሳደገችውም። አንደኛ ሲጠየቅ «አይ፣ ጠግቤያለሁ» ይላል። ሁለተኛ «ኧረ አትቸገሩ» ይላል። ሦስተኛ ሲጠየቅ «እንግዲህ ይሁን፣ ለአፌ ያህል» ብሎ ሳህኑን ልሶ ያስቀምጣል። ጀርመኑና ኖርዌጂያኑ በሌላ በምንም ባይስማሙ በዚህ አንድ ናቸው።

«ኧረ ትንሽ፣ መንገድ መጥተው!» አለች ቲሊ።

«ጣፋጭ አልበላም፣ አመሰግናለሁ።»

«በስሱ ቆርጬልዎ፣ እንዲያው ለአፍዎ ያህል…»

«እመቤቴ፣ አልፈልግም አልኩዎት እኮ» አለ ብሪግስ እየሳቀ፤ ሳህኑንም በሁለት ጣቱ ገፋ አደረገው።

ቲሊ ፊቷ ቀላ። አርቪን ጉሮሮውን ጠረገ። ይህ ሰው «አይ» ሲል «አይ» ማለቱ ነው፤ ሌላው ሰው «አይ» ሲለውም እንደዚያው ነው የሚሰማው! ይህን ልብ ያለ አንድ ሰው እንኳ በጠፋ! የሁሉም ዓይን ያየው ባለጌነቱን ብቻ ነበር።

ብሪግስም ወደ ጉዳዩ ገባ። ነገር አላንዛዛም። «ኦርቪል የጀመራችሁትን ነግሮኛል፤ ቢሮው እናንተ ጋ፣ ማሽኑ እኛ ጋ። እኔም ቁጥሩን አይቼ አምኜበታለሁ። ለየብቻ ሆነን ከትልልቆቹ ጋር አንችልም። ብንዋሃድ ስልክ በጅምላ እንገዛለን፣ የማማ ኪራዩን ተደራድረን እናወርዳለን፣ ቢያንስ ‹አይችሉም› የሚለንን ሰው አፍ እንዘጋለን። ቦርዴ ፈቅዶልኛል። ትፈልጋላችሁ?»

የዓመታት ነገር በአንድ እፍኝ ቃል መጣ። ሚልበርት ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ጠርዙን በጣቱ ዞር ዞር ካደረገ በኋላ፣ በደንብ እንዳደገ ሰው፣ እናቱ ከመቃብር ብትሰማው በምትኮራበት አነጋገር እንዲህ አለ፦

«አይ፣ እኛማ እንግዲህ፣ እንደምንም እየኖርን ነው።»

አርቪን በመስኮት ወደ ውጭ እያየ ራሱን ነቀነቀ። የቀሩትም ነቀነቁ። አሁን ሰውዬው «ኧረ አስቡበት» ይላል፤ ሚልበርት «እናንተንም ማስቸገር ይሆናል» ይላል፤ ሰውዬው አንድ ጊዜ ጫን ይላል፤ ከዚያ እጅ ይጨባበጣሉ፣ ኬኩም ያልቃል። ሁሉም ይህን እየጠበቀ ቡናውን አነሳ።

ብሪግስ ተነሳ። «ገባኝ» አለ። «ቅር አይለኝም፣ ሥራ ሥራ ነው። ግልጽ ስለሆናችሁልኝ አመሰግናለሁ።» የእያንዳንዱን ክንድ ነቀነቀ።

ቲሊ ብድግ አለች። አሁን መናገር ነበረባት። «ሚልበርት እሺ ማለቱ ነው፣ ይቀመጡ!» ማለት፤ ይኸው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ግን ልጇ አለች። ሰው ሁሉ ምን ይላል፤ ቲሊ ለልጇ ብላ የማኅበሩን ሊቀመንበር አፍ ነጠቀች! አፏን ከፈተች፤ ያወጣችው ቃል ግን ቢሰሙት ያስለቅሳል።

«ደመናው ከብዷል፣ ዝናብ ሳይዝዎ ቢደርሱ ጥሩ ነው።»

«እውነትዎን ነው» አለ ብሪግስ፤ ሄደ።

በሩ ሲዘጋ ሁሉም እርስ በርስ ተያየ። «ቸኩሎ ነው» አለ ሚልበርት። «ይደውላል። ማንም ሰው አንዴ ጠይቆ አይቀርም።»

«ይደውላል» አለ አርቪንም። እሱ እንኳ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ሲቃወም የኖረው፣ የመደወሉን ነገር አልተጠራጠረም።

አልደወለም። ስንዴው ተዘራ፣ በቀለ፣ ቁርጭምጭሚት ደረሰ። ጃኔል ማታ ማታ መጥታ «እማዬ፣ ስለ ቶርስቢ ምን ሰማችሁ?» ትላለች፤ ቲሊም «ይመጣሉ፣ ምን ያስቸኩልሻል» ትላለች። አንድ ቀን ሚልበርትን ማሳው ድረስ ሄዳ ያዘችው።

«አንተ ለምን አትደውልለትም?»

«እኛ ከደወልን እኮ ለማኝ መሰልን፣ ቲሊ።»

«እንምሰላ! ምን ይመጣል?»

ሚልበርት ከትራክተሩ ላይ ሆኖ ቁልቁል አያት። «ስለ ጃኔል ነው?»

«ኧረ በፍጹም!» አለች ቲሊ ደንግጣ። «ለማኅበሩ ብዬ ነው።» ዋሸች። አዎ ስለ ጃኔል ነው፣ ልጄ ናት፣ ቆሽቴ አርሯል ብትለው ምን ነበረበት? ሚልበርትም «ለማኅበሩ ከሆነማ ትንሽ እንጠብቅ» ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

ቢቸግራት ፋርጎ ለኦርቪል ደወለች። ሽማግሌው ድምጿን ሲሰማ ደስ ብሎት ስለ ዳሌው ብዙ አወራ፤ ቲሊም በወጉ ሁሉንም አዳመጠች። ከዚያ እንደ ዘበት «የእናንተ ሰውዬ መጥቶ ነበር» አለችው።

«እሰይ! እና ተዋዋላችሁ?»

«ገና ነን። አንዴ ጠየቀን።»

«አንዴ? ሚልበርት ምን አለ?»

«እንደምንም እየኖርን ነው አለው።»

«ወይኔ ኦርቪል!» አለ ሽማግሌው፣ የራሱን ስም ጠርቶ። «ቲሊ፣ ሰውዬው እኮ የቴክሳስ ነው! አይሆንም ብለውኛል ብሎ መዝገቡን ዘግቶታል። አሁኑኑ ሂዱ። ዛሬ ሂዱ። ተንበርክካችሁም ቢሆን ሂዱ፣ ሰምተሻል?»

ቲሊ ሚልበርትን ከማሳው አስወርዳ፣ የሰንበት ሸሚዙን አስለብሳ፣ አዲስ ኬክ ጭና ቶርስቢ ገቡ። ብሪግስ በደስታ ተቀበላቸው፤ ወንበር ሳበላቸው። እዚህ ላይ ያለውን ሳወራ አሁንም ንድድ ይለኛል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ስለ ዝናቡ አወሩ። ስለ ስንዴው አወሩ። ብሪግስም ስለ ቴክሳስ ሙቀት አወራ። ሚልበርት «እኛም ያው አለን፣ እንግዲህ ነገር ከባድ ሆኗል» ይላል፤ ብሪግስ «እውነት ነው፣ ለሁሉም ከባድ ነው» ይላል። ሚልበርት «ሰው ብቻውን አይችልም መቼም» ይላል፤ ብሪግስ ራሱን ይነቀንቃል። ሁለቱም ሽማግሌዎች ጥያቄው እንደገና እንዲመጣላቸው ጆሯቸውን ቀስረው ይጠብቃሉ። ሰውዬው ደግሞ እነዚህ ደግ ሰዎች ኬክ ሊያመጡልኝ ነው የመጡት ብሎ ነው የሚያስበው፤ ሌላ ምን ያስብ!

ቡናው ሲያልቅ ቲሊ አልቻለችም። «ያ ያሉን ነገር፣ ያ የመዋሃዱ… እስካሁን አለ?»

ብሪግስ ፊቱ ተለወጠ። «አልተነገራችሁም? እናንተ እንቢ ስትሉ ቦርዴ ሌላ በር አንኳኳ። ባለፈው ሐሙስ ለትልቁ ኩባንያ ለመሸጥ ፈርመናል። ከእንግዲህ ከሌላ ከማንም ጋር መነጋገር አልችልም፣ በሕግ ተከልክያለሁ።»

«እኛ እኮ እንቢ አላልንም» አለ ሚልበርት ቀስ ብሎ።

«እንዴ! ‹አይ› ብለውኛል እኮ።»

«አዎ፣ ብያለሁ» አለ ሚልበርት። «ግን እንቢ አላልኩም።»

ብሪግስ አንዴ ሚልበርትን አንዴ ቲሊን አየ። በእውነት ሊገባው እየጣረ ነበር፣ ይህን እመሰክርለታለሁ። «ታዲያ ምነው አልነገራችሁኝ?» አለ። «እኔ እኮ እናንተን ነበር የምመርጠው። አንድ ስልክ ብትደውሉልኝ እፈርምላችሁ ነበር።»

ሚልበርት ባርኔጣውን አነሳ። ወደ ሮዘንታል ተመለሱ። መኪናውን ቲሊ ቤት በር ላይ አቁሞ መሪውን እንደያዘ ቀረና፣ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቲሊ ባሏ ሲሞት እንኳ ሚልበርት ሲያለቅስ አላየችም። ምን እንደምትለው ጨንቋት ወደ መስኮቱ ዞራ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ቁልቁለት ነበር። ትልቁ ኩባንያ ቶርስቢን ሲረከብ ዋናውን ማሽንም ተረከበ፤ ለሮዘንታልም ጨዋ ቃል መርጦ ውሉን እንደማያድስ አሳወቀ። ሮዘንታል የራሱን ማሽን ይገዛ ዘንድ አቅሙ አይችል፤ ሌላ የሚዳበለው ትንሽ ማኅበር በአቅራቢያው የለ። አባላቱ በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ተሰበሰቡ። ሚልበርት ተነስቶ ጥፋቱ የኔ ነው ሊል ሲጀምር «ተው፣ ተው፣ ማንም ቢሆን እንደዚያ ነበር የሚለው» ብለው አስቀመጡት። እውነታቸውንም ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት አንዱም የተለየ መልስ አይሰጥም ነበር። ምን ዓይነት መከራ ነው፣ ጥፋተኛ እንኳ የሌለበት! ደንበኞቹና ማማዎቹ ለዚያው ለትልቁ ኩባንያ ይሸጡ ተባለ፣ እጅ ወጣ። አርቪን ሮት ቀልድ ሊናገር አፉን ከፍቶ፣ ቀልዱ ጠፍቶበት ተቀመጠ።

ቢሮው ተዘጋ። አሁን ስልኩ የሞተበት ሽማግሌ የሚደውልበት ቁጥር ተሰጠው፤ የሚመልስለት ሰው ሮዘንታል የት እንዳለች አያውቅም። ጃኔል የግድግዳውን ሰዓትና የአበባ ማሰሮዋን በካርቶን ይዛ እናቷ ቤት መጣች። ማቀዝቀዣውን አልከፈተችም።

«ብራንትን እንቀጥርሃለን ብለውታል፣ እማዬ። አሪዞና።»

«አሪዞና!» አለች ቲሊ። «ሞቃት ነው ይባላል።»

«እዚህ ፈልገን ፈልገን አጣን። የእህል ጎተራውም ሰው አይቀጥርም።»

«እንግዲህ ሥራ ካለ ምን ይደረጋል» አለች ቲሊ፤ ፎጣ አንስታ የደረቀ ሳህን መወልወል ጀመረች። ጃኔል ጀርባዋን እያየች ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ካርቶኗን አንስታ ወጣች። የነጃኔል ቤት ለሽያጭ ቀረበ፤ ከቢስማርክ የመጡ አዳኞች ለአደን ወቅት ማረፊያ ብለው ገዙት። የልጅ ልጇ ዊላ አሪዞና ትምህርት ቤት ተመዘገበች። ቲሊ ሁሉንም «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» እያለች ሰማች፤ ካርቶን ስትጠቀልል፣ ቴፕ ስትለጥፍ ሰነበተች። የልቧን ግን ትንፍሽ አላለችም።

የመሄጃው ቀን ጠዋት ጎረቤት ሁሉ መጥቶ ዕቃውን ጫነ። ሚልበርትም መጥቶ ነበር፤ ከሁሉ የከበደውን ዕቃ ይመርጥ ነበር፣ ተው ቢሉትም አይሰማ። ዊላ ከኋላ ተቀምጣ ቀበቶ ታሰረላት። ብራንት መሪውን ያዘ። ጃኔል እናቷን አቅፋ፣ ስማ፣ ገብታ በሩን ልትዘጋ ስትል በሩ እንቢ አለ። ቲሊ ይዛዋለች።

«አትሂጂብኝ» አለች።

ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። በሮዘንታል ታሪክ ሰው በአደባባይ እንዲህ ተናግሮ አያውቅም። ሚልበርት ፊቱን ወደ ሣሩ መለሰ።

«እማዬ…»

«አትሂጂብኝ፣ ልጄ። እለምንሻለሁ። ብሪግስ የመጣ ቀን ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ፤ ‹ሚልበርት እሺ ነው ያለው፣ ይቀመጡ› ልለው እችል ነበር፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ዋጥኩት። ስለ ዝናብ ነው ያወራሁት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሥራ ከሌለ እኔ ጋ ኑሩ፣ መሬቱን ከተከራዩ ተቀብዬ ለብራንት እሰጠዋለሁ፣ ብቻ አትሂጂብኝ።»

ጃኔል እንባዋ ወረደ። ከመኪናው ወርዳ የእናቷን እጅ ያዘች። «ቤቱ ተሸጧል፣ እማዬ። ብራንት ፈርሟል። ሰኞ ሥራ ይጀምራል። ምን ላድርግ? አሁን ምን ላድርግልሽ?»

«እንግዲያው ውሰዱኝ» አለች ቲሊ።

ይህን ልትል አላሰበችም ነበር። አፏ ራሱ አወጣው። ካወጣው በኋላ ግን በሕይወቷ ሙሉ እንዲህ አጥብቃ የፈለገችው ነገር እንደሌለ ታወቃት፤ ቦርሳ እንኳ አያስፈልጋትም፣ በለበሰችው ልብስ ከዊላ አጠገብ ገብታ ትቀመጣለች። የልጇን ፊት አየች። ጃኔል ወደ ብራንት ዞረች። ብራንት መሪውን አየ።

«አፓርታማው ጠባብ ነው፣ እማዬ» አለች ጃኔል። «ዊላም ሳሎን ነው የምትተኛው። ትንሽ እንደላደልና… እስቲ እናስብበታለን።»

ቲሊ ይህን አነጋገር ታውቀዋለች። ያስተማረቻት እሷ ናት። በጨዋ ቃል የተጠቀለለ እውነተኛ «አይ» ነው፤ የሚያባብል፣ የማይጎዳ፣ መልስ የማይፈልግ። ቢጠየቅም አይለወጥም። ጣቶቿን አንድ በአንድ ከበሩ ላይ አነሳች።

«አዎ፣ እሱስ ጠባብ ነው» አለች፤ በሩንም ራሷ ዘጋችላት።